የማግኔቱ ጺም

ሽማግሌው የሞተው ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በገዛ እጁ በጠመጠመው ማግኔት ሥር ቆሞ ነው። በዚህ የተከራከረ ሰው አልነበረም። ማን ገደለው በሚለውም ቢሆን ግቢው በአንድ ሰዓት ውስጥ ተስማምቶ ጨርሶ ነበር። ሰው ተቻኩሎ የሚስማማበት ነገር ሁልጊዜ ያስፈራል።

መርማሪዋ ስትደርስ አራት ሰዓት አልፏል። ግቢው ውራጅ ብረት ተሰብስቦ ወደ ማቅለጫ የሚላክበት ነው። የተጨፈለቀ መኪና፣ የተጣመመ ሐዲድ፣ የበር ፍሬም፣ ምስማርና የብረት ፍቅፋቂ ተቆልሏል። መሃል ላይ ክሬኑ ቆሟል። ከክንዱ ጫፍ እንደ ገበታ የሰፋ ክብ ጥቁር ብረት በሰንሰለት ተንጠልጥሎ፣ ነፋስ በነካው ቁጥር ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ከሥሩ በቢጫ ቀለም የተሰመረ ክብ አለ። ክቡ ውስጥ የከባድ መኪና ሞተር በጎኑ ወድቋል፤ አጠገቡ አንሶላ የለበሰ አስከሬን ተጋድሟል። ሠራተኞቹ ግድግዳ ተደግፈው ራቅ ብለው ቆመዋል። ሁሉም የሚያዩት መሬት መሬቱን ነው።

ሃምሳ አለቃው እየተጣደፈ ተቀበላት።

«ጉዳዩ አልቋል እትዬ። ገዳይዋን ዕቃ ቤት ቆልፌባታለሁ።»

«ከዚያስ?»

ይቺ «ከዚያስ» የምትባል ቃል የሴትዮዋ መዶሻ ናት። በሠላሳ ዓመት ሥራዋ ብዙ ሐሰተኛ ታሪክ በዚህች ቃል ሰብራለች። ጣቢያ ውስጥ ከጀርባዋ «ወይዘሮ ከዚያስ» ይሏታል። ታውቃለች፤ ቅር አይላትም።

«ከዚያማ» አለ ሃምሳ አለቃው፤ «ልጅቷ ክሬን ነጂ ናት። ቀኑን ሙሉ ከላይ ተቀምጣ ቁልቁል ስለምታይ ጭልፊት ይሏታል። ዛሬ ይሄን ሞተር አንስታ ይዛ ነበር፤ ሰውየው ከሥሩ ሲገባ ለቀቀችበት። ማግኔቱ ኮረንቲ ሲያገኝ ብረት ይይዛል፤ ሲያጣ ይለቃል። በቃ።»

«ለምን ለቀቀችበት?»

«ደም ነው እትዬ! የዛሬ አራት ዓመት የልጅቷ አባት እዚሁ ቦታ፣ እዚሁ ማግኔት ሥር ነው የሞተው። የዚያን ጊዜ ሽቦው ተቃጥሎ ብረት ወደቀበት። ሽቦውን የጠመጠመው ደግሞ ይሄ ሟቹ ነው፤ አባ ጥቅልል የሚሉት። ልጅቷ አራት ዓመት ቂሟን ይዛ ጠበቀች። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ወደ ወህኒ ይወስዳታል።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት» አለች መርማሪዋ ሰዓቷን እያየች። «እንግዲህ ስምንት ሰዓት ግድም አለን። ደግ ነው፤ የአንዲትን ልጅ ዕድሜ ለማዳን ይበዛል እንጂ አያንስም።»

ሥራ አስኪያጁ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። ደንደን ያለ፣ መነጽሩን በየደቂቃው የሚወለውል ሰው ነው። «በየሰኞው ነው እኮ!» አለ ሳይጠየቅ። «ከዚያኛው አደጋ ወዲህ ሽማግሌው በራሱ ላይ ሕግ አወጣ። በየሰኞው ማግኔቱ ከባድ ዕቃ ያነሳል፤ እሱ ከሥሩ ገብቶ እስከ አሥር ይቆጥራል። ‹የጠመጠመው ሰው ይቁምበት፤ እኔ ከዳንኩ ሌላው በሰላም ያልፋል› ነው የሚለው። ስንቴ ለመንኩት! ‹አባ፣ ይሄ ነገር አንድ ቀን ይበላሃል› አልኩት። ይኸው በላው።»

«መብራት ጠፍቶ ቢሆንስ?»

«እኔስ ምን አልኩ? አደጋ ነው አልኩ! ይሄ በያጅ ነው ያበላሸብኝ።»

በያጁ ከግድግዳው ተላቆ ቀረበ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይኖቹ በርበሬ የመሰሉ ሰው ነው። «ልዋሽልህ ነው እንዴ?» አለው ሥራ አስኪያጁን። ወደ መርማሪዋ ዞረ። «መብራት አልጠፋም እሜቴ። እዚያ ጥግ እየበየድኩ ነበር፤ መስመራችን አንድ ነው። ለዓይን ጥቅሻ ቢጠፋ ብየዳዬ ቀጥ ይል ነበር። አላለም። ያ ነገር ሲወድቅ መሬቱ ነው ከእግሬ ሥር የዘለለው።»

«ዓይንህስ? አልቅሰህ ነው?»

«ለእሱስ ማታ ብቻዬን አለቅሳለሁ። ይሄ የሙያ ነው። ትናንት የጎረቤት በር ስበይድ ‹አንዲት ነጥብ ናት› ብዬ ያለ መከላከያ መታኋት። የብየዳ ብልጭታ ተንኮለኛ ነው፤ ሲመታህ ምንም አይመስልህም። ትስቃለህ፣ ምሳህን ትበላለህ። ከስድስት ከሰባት ሰዓት በኋላ ግን አንድ አካፋ አሸዋ ዓይንህ ውስጥ ይገለብጥብሃል። መብራት ማየት የለ፤ እንባው ዝም ብሎ መውረድ ነው። ሚስቴ ድንች ቆርጣ ስታስርልኝ አደረች።»

«ድንቹስ ይረዳል?»

«ድንቹ አይረዳም፤ ሚስቴ ስትሰድበኝ ግን ሕመሙን እረሳዋለሁ።»

መርማሪዋ ፈገግ አለችና ወደ ክሬኑ እግር ሄደች። እዚያ ከቆርቆሮ የተሠራች፣ አንድ ሰው የምታቆም ክፍል አለች፤ የኮረንቲ ቤት ይሏታል። ለማግኔቱ የሚሄደው ኮረንቲ በእሷ ውስጥ ያልፋል። ሥራ አስኪያጁ በቁልፉ ከፈተላት።

«እጀታው ወደ ላይ ሲሆን በርቷል፤ ወደ ታች ሲሆን ጠፍቷል» አለ። «እኛ ስንደርስ ቤቱ ተቆልፎ፣ እጀታው ወደ ላይ ነበር። ማንም አልነካውም። እኔ ራሴ ነኝ ሰው እንዳይጎዳ ብዬ የግቢውን ዋና ማጥፊያ ከቢሮ የዘጋሁት። እንግዲህ ይሄ ካልተነካ፣ ልጅቷ ከላይ ክሬኑ ውስጥ ሆና ማግኔቱን የምታስይዝበትና የምታስለቅቅበት ዘንግ ነው የሚቀረው።»

«ቁልፉ ስንት ሰው ጋ ነው ያለው?»

«ሦስት። ሽማግሌው፣ ወንድሙና እኔ። እኔ ደግሞ ስልክ ላይ ነበርኩ፤ ሃምሳ አለቃው ያነጋገርኩት ሰው ዘንድ ደውሎ አረጋግጧል።»

ክፍሏ የተቃጠለ ነገር ትሸታለች። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ እጀታው የሚነክሰውን የመዳብ ጥርስ አየችው። ሌላው መዳብ በአቧራ ጠቁሯል፤ የጥርሱ ጫፍ ግን እንደ ሻማ ቀልጦ ተንጠባጥቧል፤ የተንጠባጠበውም ገና አቧራ ያልነካው ቀይ መዳብ ነው። ከእጀታው ፊት ለፊት መጽሐፍ የምታህል ጠባብ መስኮት አለች። በእሷ ሲታይ ቢጫው ክብ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ወደ ክቡ ተመለሰችና ግቢው ሁሉ ያላደረገውን አደረገች፤ ቀና ብላ አየች። የማግኔቱ ፊት ቁልቁል አፍጥጦባታል። ጠርዙ ላይ ምስማር፣ ብሎንና ፍቅፋቂ ተንጠልጥሏል፤ ነፋሱ ሲመጣ አብሮ ይንቀጠቀጣል።

«ምን ያዩታል እትዬ?» አለ ሃምሳ አለቃው፤ እሱም በመጨረሻ ቀና ብሎ።

«ጺም አለው። ፎቶ አንሳልኝ፤ በሁሉም አቅጣጫ። እስክንጨርስ ድረስ ማንም ዋናውን ማጥፊያ እንዳይነካ።»

ጭልፊት ዕቃ ቤት ውስጥ የጎማ ክምር ላይ ተቀምጣለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እጆቿን ጭኗ ላይ አጋጥማ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ታያቸዋለች።

«ልጄ» አለቻት መርማሪዋ አጠገቧ እየተቀመጠች። «ሰውየውን ትጠዪው ነበር ይላሉ።»

«እውነታቸውን ነው።»

«እገድለዋለሁ ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ። በየሰኞው።» ልጅቷ ቀና አለች። «እጄ ዘንጉ ላይ ነው። ሰውዬው ከሥር ገብቶ ቀና ብሎ እኔን ያያል። እኔን እያየ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... በየቁጥሩ ‹አሁን› እላለሁ። አሥር ይልና ይወጣል። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ሌላ ክሬን ነጂ እንዲቀጠር አንድ ቀን አልጠየቀም። ምን ዓይነት ሰው ነው እላለሁ፤ ይሳለቅብኛል እንዴ?»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ስምንት አለ። ዘጠኝን አልሰማሁም።» አፏን በመዳፏ ያዘች። «አልነካሁትም። የሚምልልኝ የለም እንጂ አልነካሁትም። እናቴ በዚህ ማግኔት ባሏን ቀበረች፤ አሁን ደግሞ እኔን ልታጣ ነው። ለእሷ ማን ይንገርልኝ?»

«ቆይ፣ ለእናትሽ ምን እንደምንነግራት ገና አላወቅንም። አንድ ነገር ንገሪኝ። ዘንግሽን ወደ መልቀቂያ ስታደርጊው ማግኔቱ ላይ የሚቀር ብረት አለ?»

«ድሮ ይቀር ነበር። ትልቁ ይወድቅና ምስማር ምስማሩ ተጣብቆ ይቀራል። ኮረንቲው ቢሄድም ብረቱ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ይተርፋላ! መንገድ ላይ እየተንጠባጠበ ሰው ጭንቅላት ላይ ይወድቅ ነበር። አምና ለሰውዬው ነገርኩት። ዘንጉን አስተካከለው። አሁን ስለቀው ኮረንቲው ይጠፋና ለቅጽበት በተቃራኒ ይገባል፤ የተረፈውን ያራግፈዋል። አንዲት ምስማር አትቀርም። ፊቱ እንደተላጨ ሰው ነው የሚሆነው።»

«ከላይ ሆነሽ ፊቱን ታዪዋለሽ?»

«የት አይቼው? ለእኔ ጀርባውን ነው የሚሰጠኝ።»

መርማሪዋ ተነሳች። በሩ ላይ ደርሳ ዞረች። «ምሳ አምጡላት ብያለሁ። ብይ። እስከ ማታ ጉልበት ያስፈልግሻል።»

የሟቹን ታናሽ ወንድም ሽቦ በሚጠመጠምበት የጥምጠማ ክፍል ውስጥ፣ በሥራ ጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ አገኘችው። አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ ጸጉሩ በሥርዓት የተበጠረ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። ክፍሉ የቫርኒሽ ማድረቂያው ሙቀት ይዞታል፤ እሱ ግን የሸሚዙን እጅጌ እስከ አንጓው ቆልፏል። ወንበር አቀረበላት።

«እግዜር ያጽናህ ወንድሜ።»

«አሜን እትዬ። አባትም ወንድምም ሆኖ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሙያውን የሰጠኝም እሱ ነው። የሚገርመው፣ እንባ እንኳ እምቢ አለኝ።» እውነቱን ነበር፤ ዓይኖቹ ደረቅና ንጹሕ ነበሩ። ሰዓቱ አምስት ሰዓት ነው።

«ሦስት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ይሄን ጥቅልል እየጠመጠምኩ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ድምፁን ሰምቼ ነው የሮጥኩት።»

«እኔ ከኮረንቲ ጋር አልተዋወቅንም። እስቲ አስረዳኝ፤ ሽቦ እንዴት አድርጎ የመኪና ሞተር ያነሳል?»

ሰውየው ነቃ አለ። ባለሙያ ስለ ሙያው ሲጠየቅ ሐዘንም ይረሳል፤ ሌላውንም ነገር ይረሳል። ከመሳቢያው ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ወፍራም ምስማርና የእጅ ባትሪ ድንጋይ አወጣ።

«መዳብ ለብቻው መርፌ አይስብም። ኮረንቲ ሲያልፍበት ግን ዙሪያውን ጉልበት ይፈጠራል። ነጠላ ሽቦ ጉልበቱ ኢምንት ነው። ሲጠመጠም የአንዱ ዙር ጉልበት በሌላው ላይ ይደመራል፤ መቶ ዙር፣ ሺህ ዙር። መሃሉ ላይ ብረት ሲገባበት ብረቱ ያን ሁሉ ይሰበስበዋል።» ሽቦውን ከባትሪው ጋር አገናኘ፤ ምስማሩ ከጠረጴዛው ላይ አንድ እፍኝ ስፒል አንጠለጠለ። «ትልቁም ይሄው ነው። ልዩነቱ የዙሩ ብዛትና የኮረንቲው መጠን ነው።»

«ጉድ ነው! ይቺን ለማታ ልዋሳት?»

«ይውሰዷት» አለና በገዛ እጁ ሰጣት።

መርማሪዋ ስትነሳ የጀመረውን ጥቅልል ጎንበስ ብላ አየችው። ዙሮቹን የሚይዘው ክር ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ጫፉ ወደ ግራ ተወሽቋል። አጠገቡ ሽማግሌው የጨረሰው ጥቅልል አለ፤ የእሱ ክር ድርብ ነው፣ ጫፉም ተቋጥሯል። ለካ ጠምጣሚም እንደ ልብስ ሰፊ ፊርማ አለው።

ከሟቹ ኪስ በወጣው ቁልፍ የሽማግሌውን ቁም ሣጥን ከፈተች። አሮጌ ቱታ፣ አንድ ጥንድ ጫማ፤ ከሥራቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር። ፈታችው። የተቃጠለ፣ የጠቆረ፣ በመጋዝ ለሁለት የተገመሰ ጥቅልል ነው። ክር ታስሮበት ወረቀት ተንጠልጥሏል፦ «ጭልፊት ታየዋለች። ሰኞ፣ ከቆጠራው በኋላ።»

በያጁን ጠራችው። ጥቅልሉን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

«ይሄማ የዚያ የክፉ ቀን ነው። የልጅቷን አባት የገደለው ጥቅልል። ሽማግሌው ዓይኔ አይየው ብሎ ጥሎት ነበር፤ መዳቡን ሊያወጣ ሰሞኑን ሲገምሰው አይቼዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው አያናግርም ነበር።»

«እዚህ መሃል ላይ ያለችው ምንድን ናት?»

በያጁ በቀላው ዓይኑ አጨንቁሮ ተመለከተ። ፊቱ ተለወጠ። «ምነው! ምነው! ሽቦው ሲጠመጠም መሃል ላይ ተበጥሷል። እንዲህ ሲሆን ወይ ሁሉም ተፈትቶ እንደገና ይጀመራል፤ የሦስት ቀን ሥራ ነው። ወይ ደግሞ ጫፍና ጫፉ በቀለጠ ስታኞ ተጣብቆ በደንብ ይሸፈናል። ይሄ ሰው በጣቱ ገመድ እንደሚገመድ ጠምዝዞ በፕላስተር ደበቀው። ልል መገጣጠሚያ ይግላል፤ ሲግል ይላላል፤ አንድ ቀን ይበጠሳል። ኮረንቲው ቆመ ማለት ማግኔት የለም ማለት ነው።»

«ክሩንስ እየው።»

ክሩ ሦስት ጊዜ ዞሮ ጫፉ ወደ ግራ ተወሽቋል። በያጁ ጫፉን በጣቱ ነካው።

«ሽማግሌው እኮ አራት ዓመት ሙሉ ‹የእኔ እጅ ነው የገደለው› ሲል ነው የኖረው» አለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መርማሪዋ ሁሉንም በጥምጠማ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ነፋሱ በርትቶ የማግኔቱ ሰንሰለት ውጭ ይንቋቋል። የወህኒው መኪና ቀድሞ ደርሶ በር ላይ ቆሟል። ጭልፊት በሃምሳ አለቃውና በግድግዳው መሃል ተቀምጣለች። በያጁ በር ተደግፏል። የሟቹ ወንድም ከመብራቱ ፊቱን አዙሮ፣ እርጥብ መሐረብ ዓይኑ ላይ ይዞ ያለቅሳል። እንባው በጉንጩ ላይ ያለማቋረጥ ይወርዳል።

ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን ያዘው። «አይዞህ፣ ውጣልህ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል።»

«ይባላል» አለች መርማሪዋ። ምስማሯን፣ ባትሪውንና ስፒሎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «እኔ የሰማሁትን ልንገራችሁ፤ የተሳሳትኩበት ካለ አርሙኝ። መብራት አልጠፋም፤ ብየዳው አልተቋረጠም። እንግዲህ የማግኔቱን ኮረንቲ የሚያቋርጠው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንድ፣ ከላይ የጭልፊት ዘንግ። ሁለት፣ ከታች የኮረንቲ ቤቱ እጀታ። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነዎት» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እጀታው ግን...»

«እመጣበታለሁ። እዩ።» ሽቦውን ከባትሪው አገናኘች፤ ስፒሎቹ ተንጠለጠሉ። «ይሄ መያዝ ነው። አሁን አቋርጣለሁ።» አብዛኞቹ ወደቁ፤ ሦስቱ ግን ምስማሩ ጫፍ ላይ ቀሩ። «እነዚህ የቀሩት በተረፈው ማግኔት ነው። አሁን ደግሞ ጫፎቹን አገላብጬ ለቅጽበት ልንካቸው።» ነካች፤ አነሳች። ሦስቱም ወደቁ። «የጭልፊት ዘንግ ይሄን ሁለተኛውን ያደርጋል። አባ ጥቅልል አምና እንዲህ አድርጎ ሠራው። እሷ ለቃ ቢሆን የማግኔቱ ፊት እንደተላጨ ሰው በሆነ ነበር። ሃምሳ አለቃ፣ ምን አየህ?»

«ጺም» አለ ሃምሳ አለቃው። ጆሮው ቀላ።

«ጺም። ሁላችሁም ወደ መሬት ስታዩ እሱ ቀኑን ሙሉ ከላይ ሲመሰክር ዋለ። ይቺ ልጅ ዘንጓን አልነካችም። ኮረንቲው የተቋረጠው ከታች ነው። የቆረጠው ሰው እጀታውን መልሶ ወደ ላይ ገፋው፣ በሩን ቆለፈ፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ሬሳው ሲሮጥ እሱም ሮጠ።»

ጭልፊት ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ደፋች።

«ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሞቷል፤ አንዱ ስልክ ላይ ነበር። ሦስተኛው ከወንበሬ አልተነሳሁም አለኝ።»

«እኔ ወንድሜን?» አለ ወንድምየው ከመሐረቡ ሥር። «እግዜርን አይፈሩም? ሐዘንተኛ ላይ?»

«ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ ዓይንህ ደረቅ ነበር። እንባ እምቢ አለኝ ያልከኝ አንተ ነህ። አሁን መሐረቡን አውርድና መብራቱን እየው።»

አላወረደም። መርማሪዋ ራሷ ተነስታ አምፖሉን ወደ እሱ አዞረችው። ሰውየው እንደተመታ ፊቱን ሸፈነ።

በያጁ ከበሩ ተላቀቀ። «አሸዋ» አለ ቀስ ብሎ። «ዓይንህ ውስጥ አሸዋ አለ፣ አይደል?»

«ጥቅልል ሽቦ የያዘውን በቀላሉ አይለቅም» አለች መርማሪዋ። «ኮረንቲውን ስትቆርጥበት እምቢ ብሎ በብልጭታ ይዘላል። የሚያውቅ ሰው እጀታውን ቀጭ አድርጎ ይስበዋል፤ ብልጭታው ያጥራል። ይሄ ሰው ግን ድምፁ እንዳይሰማ ቀስ አድርጎ ሳበው። ብልጭታው ከፊቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተለጠጠ፤ መዳቡን አቀለጠ፤ ዓይኑን መታው። ምንም አልመሰለውም። ሰባት ሰዓት ቆይቶ ግን ይኸው መጣ። ሐኪም በር ላይ አለ፤ ይሄ ልቅሶ ይሁን ብልጭታ በአንድ ደቂቃ ይለየዋል። እስከዚያው የቀኝ እጅጌህን ጠቅልል።»

ሃምሳ አለቃው ጠቀለለው። የክንዱ ጸጉር ከአንጓው ጀምሮ ተለብልቧል፤ የእጅ ሰዓቱ መስታወት ላይ እንደ አሸዋ የደቀቁ የመዳብ ነጠብጣቦች ተጣብቀዋል።

መርማሪዋ የተገመሰውን ጥቅልል ከጨርቁ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ለምን እንደገደለውም ይሄ ይናገራል። የክሩን አስተሳሰር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።»

ውጭ ሰንሰለቱ ብቻ ይሰማል።

«አላፈርስም ብዬ ነው» አለ ወንድምየው። መሐረቡ ከእጁ ወደቀ። «ሽቦው የተበጠሰብኝ ግማሹን ከጠመጠምኩ በኋላ ነው። ሦስት ቀን ልፈታው? ማን ያየዋል ብዬ... የልጅቷ አባት ሲሞት ወንድሜ ‹እኔ ነኝ› አለ። እኔም ዝም አልኩ። አንድ ቀን ዝም ያልከውን በነጋታው መናገር ይከብዳል፤ አራት ዓመት ዝም ያልከውን እንዴት ትናገረዋለህ? ባለፈው ሳምንት ጥቅልሉን ገምሶ ጠራኝ። አልተቆጣም። ‹ሰኞ ከቆጠራው በኋላ ለልጅቷ እነግራታለሁ፤ አንተም ከጎኔ ትቆማለህ› አለኝ። እለምነው ጀመር። ‹አራት ዓመት ተሸክሜልሃለሁ፤ ይብቃኝ› አለ።» ዓይኑን በእጁ ጀርባ ሲያሸው ይበልጥ አቃጠለው። «በመስኮቷ አየኝ። ስምንት ሲል ዞሮ አየኝ። ከጎኑ ልቆም የመጣሁ መስሎት ነው መሰለኝ፤ ፈገግ አለልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ የጋለ ብረት እንደነካ ሰው እጁን ከትከሻው ላይ አነሳ።

ሃምሳ አለቃው ወንድምየውን ይዞ ወጣ። የወህኒው መኪና የመጣላትን ትቶ ሌላ ጭኖ ሄደ። ጭልፊት የተገመሰውን ጥቅልል ታቅፋ፣ የተጠመዘዘችውን ቦታ በጣቷ እየነካች ቀረች።

«እሱ አልነበረም» አለች።

«አልነበረም ልጄ። እሱ ግን አያውቅም ነበር። እስካለፈው ሳምንት ድረስ አባትሽን የገደልኩ እኔ ነኝ ብሎ ነው የኖረው።»

«ታዲያ በየሰኞው... እኔን እያየ...» ልጅቷ ቀና ብላ መርማሪዋን አየቻት። ገብቷታል፤ ፊቷ ላይ ይታያል። «ሌላ ነጂ ያልቀጠረው ለዚህ ነው። ራሱን እጄ ላይ ነው የሰጠኝ። ብፈልግ እንድለቀው ነው የሚቆመው። እኔ የሚሳለቅብኝ መስሎኝ አንድ ቀን ደህና አደርክ አላልኩትም።»

መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ከዚያስ» ያለች ሴት ዛሬ «ከዚያስ» አላለችም።

«ፎቶው ተነስቷል?» አለች ጭልፊት። «ማግኔቱን... ልነካው እችላለሁ?»

«ተነስቷል፤ ተመዝግቧል። ትችያለሽ።»

ሥራ አስኪያጁ ያለ አንድ ቃል ሄዶ የግቢውን ዋና ማጥፊያ አበራ። አስከሬኑ ከተነሳ ቆይቷል፤ ቢጫው ክብ ባዶ ነው። ጭልፊት መሰላሉን ወጣች። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ከግድግዳው ተላቀው መጡና በመስመሩ ዳር ቆሙ፤ በዚህ ጊዜ ሁሉም ቀና ብለው ነበር። በያጁ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዟል።

ድምፅዋ ከላይ፣ ከጨለመው ሰማይ ሥር መጣ። እንደ እሱ ጮክ ብላ ነው የቆጠረችው።

«ዘጠኝ።»

ትንሽ ቆየች።

«አሥር። ጨረስክ አባባ፤ ውጣ።»

ዘንጉን ሳበች። ምስማሩ፣ ብሎኑና ፍቅፋቂው በአንድ ጊዜ ረገፈ፤ ማግኔቱ ላይ አንዲት እንኳ አልቀረችም።